ከጦር ሜዳ የተመለሰ ብዕር የማንን ኃጢአት ይናዘዛል?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር የሚያቀናው መንገድ እንፍራንዝ ሲደርስ ጦርነት በጦርነት ላይ የተደራረበበትን አገር እያቋረጠ ነው። የጉዛራ ግንብ ዕድሜያቸውን በዘመቻ የጨረሱትን የዐፄ ሠርፀ ድንግልን ዘመን ያስታውሳል። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም በ1535 ዓ.ም. የወደቁት ከጣና ብዙም በማይርቀው ወይና ደጋ ላይ ነው። በዚሁ በጎንደር መንገድ ላይ ያለው ቁልቋል በር ደግሞ የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ ከያዛቸው የመጨረሻ ምሽጎች አንዱ ነበር፤ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር እጅ ከገባ ከስድስት ቀን በኋላ ጎንደር ተለቀቀች። እንዲህ ያለ አገር የጦርነት ምስክር አያጣም። ሽለላውና ቀረርቶው የገዳዩን ስም ይጠራል፤ ሙሾው የሟቹን። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም የማይነኩት አንድ ጥያቄ አለ፤ እኛ ራሳችን በዚያ ጥፋት ውስጥ ድርሻችን ምን ነበር? ጦርነትን በዓይኑ አይቶ የተመለሰ ሰው ብዕር ወይም ካሜራ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚመሰክረው በማን ላይ ነው? በጠላቱ ላይ ወይስ በገዛ ቤቱ ላይ?

ጥያቄው ሃይማኖታዊ የሚሆነው የንስሐን ሥርዓት ስናስብ ነው። ወደ ንስሐ አባቱ የሄደ ሰው ጎረቤቱ የሠራውን በደል ሊዘረዝር ቢጀምር ካህኑ ያስቆመዋል። የጎረቤቱ በደል ሐሰት ስለሆነ ሳይሆን ለእሱ ክስ የተዘጋጀው ሸንጎ ሌላ ስለሆነ ነው። በንስሐ ፊት የሚቀርበው የራስ ኃጢአት ብቻ ነው። ይህ ሥርዓት ለአንድ ሰው ነፍስ የሚሠራ ከሆነ ለአንድ ሕዝብ ትዝታም ይሠራል እላለሁ። የጦርነት ምስክርነት ሙሉ የሚሆነው ምስክሩ የራሱን ወገን ሲመረምር ነው፤ የጠላትን ግፍ ብቻ የሚቆጥር ምስክርነት፣ ቆጠራው ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ ክስ እንጂ ኑዛዜ አይደለም። ይህን ክርክር በጦርነትና በእስር ውስጥ ካለፉት ከዚሁ ክልል ሰው ሕይወት የተሻለ የሚያስረዳልኝ የለም፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ።

ሐዲስ በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል ስፍራ ተወለዱ። በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው ቅኔ ተቀኙ፤ ኋላም አዲስ አበባ መጥተው በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሩ። የጣሊያን ወረራ በ1928 ዓ.ም. ሲጀመር ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ይህ ጦር በታኅሣሥ ወር በደምበጊና ድል አድርጎ ታንክ የማረከ፣ ነገር ግን በዚያው ወር በተከዜ ዳር ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ የተረጨበት፣ በኋላም በየካቲት መጨረሻ የተሸነፈ ጦር ነው። ከሽንፈቱ በኋላ ሐዲስ ከልዑሉ ጋር ወደ ምዕራብ አፈገፈጉ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ሰባት ዓመት ገደማ ታስረው የቃል ኪዳን አገሮች ጦር ጣሊያን ሲገባ ተፈቱ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ በለንደን አምባሳደር፣ እንዲሁም የትምህርት ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ። ጣሊያንን ለመክሰስ ከዚህ ሰው የበለጠ መብት ያለው ደራሲ ማን ነው? መርዝ በተረጨበት ግንባር ዘምተዋል፣ ተሸንፈዋል፣ ተግዘዋል፤ ወጣትነታቸው በባዕድ ደሴት ላይ አልፏል።

እንግዲህ የሥራዎቻቸውን ቅደም ተከተል እንመልከት። ከእስር ከተመለሱ በኋላ መጀመሪያ ያሳተሙት በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን ነው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ። በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ»፣ በ1980 ዓ.ም. «የልምዣት» ተከተሉ። የጦርነቱንና የእስሩን ታሪክ የያዘው «ትዝታ» የታተመው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ሽሬ ከዘመቱ ከኀምሳ ሰባት ዓመት በኋላ። በመካከል ያለው ግማሽ ምዕት ዓመት ምን ላይ ዋለ? በታላቁ ልቦለዳቸው ውስጥ የጣሊያን ወታደር ዋና ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ የመርዝ ጋዝም የታሪኩ አንጓ አይደለም። ያለው ጎጃም ነው። ያሉት ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት በዛብህ፣ በዘር ቆጠራ ታጥራ ወጣትነቷ የሚባክነው ሰብለ ወንጌል፣ በክብሩ የታወረው አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ፣ እውነት ስለተናገረ ዕብድ የተባለው ጉዱ ካሣ ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ዘመቻ ደግሞ ከባዕድ ጋር የሚደረግ አይደለም፤ ፊታውራሪው ከልማድ ውጭ ግብር አንከፍልም ባሉት በገዛ ባላገሮቹ ላይ የሚዘምተው ነው። በዘመቻውም ተማርኮ ይዋረዳል። የማዕረጉ ስም የጦር መሪ ስም ነው፤ ጦሩ ግን የተሰለፈው በሚያበላው ገበሬ ላይ ነው። በሽሬ ተራሮች ላይ የአንድ አገር ጦር እንዴት እንደሚፈርስ ያየ ሰው ይህን ምዕራፍ በዘፈቀደ ጻፈው ለማለት ይከብደኛል።

የፈረሰው በመርዙ ብቻ እንዳልነበረ ታሪክ ይነግረናል። ጦርነቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ወር የትግራዩ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ለጣሊያን አደረ። የራስ እምሩ ጦር ወደ ሽሬ ሲጓዝ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከዘመቻው ተለይቶ ወደ ጎጃም ተመልሶ ሸፈተ። ወታደሩ በአብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ይዞ የሚዘምት ነበር፤ ሲያልቅበት የሚበላው ካረፈበት አገር ገበሬ ነው። ሕዝብና ገዥ በዚህ መልክ ተራርቀው በቆዩበት አገር የጠላት ገንዘብና ስብከት ቦታ ማግኘቱ አያስገርምም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በሰላም ጊዜ የሚያሳየን ይህንኑ ርቀት ነው፤ ባላባቱ ከገበሬው፣ ትምህርቱ ከሕይወቱ፣ ጋብቻው ከፍቅሩ የተራራቁበትን ቤት።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስቆመኝ ይችላል። መጽሐፉ ስለ ጣሊያን ጦርነት አንዳች የማይል ከሆነ ጦርነትን በውስጡ ማንበብ የራስን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ መክተት አይደለምን? ሐዲስ የባላባቱን ሥርዓት የተቹት በዘመናዊ ትምህርታቸው ወይም በዘመኑ በነበረው የለውጥ መንፈስ ተገፍተው ቢሆንስ? ተቃውሞው ተገቢ ነው። የአንድን ልቦለድ ምንጭ ከደራሲው ልብ ውስጥ ቆፍሮ የሚያወጣ የለም፤ እኔም ሽሬ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወለደ አልልም። የምለው ከዚህ ያነሰና የጸና ነው። ጦርነቱን ያዩ፣ ስለ ጦርነቱም መጻፍ የሚችሉ፣ በመጨረሻም የጻፉ ሰው፣ ከጦርነቱ ታሪክ አስቀድመው ለሕዝብ ለማቅረብ የመረጡት የገዛ ቤታቸውን ምርመራ ነው። ምርጫ ደግሞ ምክንያቱ ባይነገርም ትርጉም አለው። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳም ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል ብለው የጻፉት እኚሁ ሰው ናቸው። ጥያቄያቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነበር፤ ይህ ቤት በምን ይቆማል?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊመጣ ይችላል። ምስክር እውነቱን እንዲናገር እንጂ ታሪክ እንዲፈጥር አልታዘዘም፤ በሐሰት መመስከር በዐሠርቱ ትእዛዛት የተከለከለ ነው፤ ታዲያ ልቦለድ ወይም ፊልም እንዴት ምስክርነት ይባላል? መልሱ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ውስጥ አለ። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን በጦር ግንባር ካስገደለ በኋላ ነቢዩ ናታን ወደ እሱ ገባ። ነቢዩ ክሱን በቀጥታ አላቀረበም። ብዙ በጎች ስላሉት ባለጠጋና አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድሃ ታሪክ ነገረው። ንጉሡ በባለጠጋው ላይ ተቈጥቶ ሞት ፈረደበት፤ ነቢዩም ያ ሰው አንተ ነህ አለው። የዳዊት የንስሐ መዝሙር፣ በእኛ ቁጥር 50ኛው፣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ ማለት የሚገባው ኦርዮ የሞተው በጦር ሜዳ መሆኑ ነው፤ በደሉ የተሠራው ግን በቤተ መንግሥት ነበር። ናታን ስለ ጦር ሜዳው ቢያወራ ኖሮ ዳዊት ሰይፍ ያገኘውን ሁሉ ይበላል ብሎ እንዳለፈው ሁሉ ያልፈው ነበር። የተፈጠረው ታሪክ ሰሚውን ከመከላከያው አስወጥቶ በራሱ ላይ አስፈረደው። እውነተኛ ልቦለድ የሚያደርገው ይህንን ነው። አንባቢው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ስቆ ሲያበቃ የገዛ አያቱን፣ አንዳንዴም ራሱን ያገኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። የተወረረውን ሕዝብ በራስህ ላይ መስክር ማለት የወራሪውን ወንጀል ማቃለል አይሆንም? መርዝ የረጨው ፋሽስት ነው፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ የፈጀው፣ በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት የረሸነው እሱ ነው። የተበደለን ሰው ኃጢአትህን ተናዘዝ ማለት ግፍ በግፍ ላይ መጨመር ይመስላል። ነገር ግን ነቢዩ ዳንኤልን እናስብ። እሱም ምርኮኛ ነበር፤ ከተማው ፈርሳ፣ ቤተ መቅደሱ ተቃጥሎ፣ በባዕድ አገር የሚኖር። በመጽሐፉ በዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ የምናገኘው ጸሎቱ ግን የባቢሎንን ግፍ አይዘረዝርም፤ የራሱን ሕዝብ፣ የነገሥታቱንና የአባቶቹን በደል በብዙ ቁጥር፣ ራሱንም ጨምሮ ይናዘዛል። በዚህ ባቢሎን ነጻ ወጣች? አልወጣችም። በዚያው መጽሐፍ በአምስተኛው ምዕራፍ ንጉሧ ብልጣሶር በግድግዳው ላይ በተጻፈው ጽሕፈት ተመዝኖ ቀልሎ ተገኝቷል። ሁለት ሸንጎ አለ፤ አንዱ የሌላውን ፍርድ አይሽርም። በቁርኣንም በሱረቱ አን-ኒሳእ ምእመናን በራሳቸውና በዘመዶቻቸው ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንዲመሰክሩ ታዘዋል፤ ይህ ደግሞ በሌላው ላይ መመስከርን አይከለክልም። ፈላስፋው ካርል ያስፐርስ እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ጀርመን ጥፋት ሲጽፍ የወንጀልን፣ የፖለቲካን፣ የሞራልንና ከሁሉ የጠለቀውን የሰው ልጅነት ተጠያቂነት ለየብቻ ያቆመው የአንዱ ዳኛ ለሌላው እንዳይሆን ነው። ያስፐርስ የጻፈው ከበደለኛው ወገን ሆኖ ስለሆነ ለእኛ እንደ ወረደ አይሠራም፤ የሸንጎዎቹ መለያየት ግን ለተበዳይም ይጠቅማል። ሐዲስ አገራቸውን በዓለም ሸንጎ ወክለው ቆመዋል፤ በልቦለዳቸው ደግሞ አገራቸውን ራሷን በኅሊና ፊት አቆሙ። ሁለቱም ሥራ የአንድ ሰው ነው።

የዚህ ዓይነት ምስክር የእኛ ብቻ አይደለም። የሴኔጋሉ ኡስማን ሰምቤን እ.ኤ.አ. በ1944 በፈረንሣይ የቅኝ ግዛት ጦር ውስጥ ተመልምሎ አገለገለ። ከጦሩ ከወጣ በኋላ በማርሴይ ወደብ ወዛደር ሆኖ ሠራ፤ ልቦለድ ጻፈ፤ መጽሐፎቹ ማንበብ ለማይችለው ለገዛ ሕዝቡ እንደማይደርሱ ሲረዳ በሞስኮ ፊልም ተምሮ ወደ ካሜራ ዞረ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1944 ከጀርመን ምርኮ የተመለሱ አፍሪካውያን ወታደሮች ደመወዛችን ይከፈለን ስላሉ በዳካር አጠገብ ቲያሮይ በሚባል ሰፈር በፈረንሣይ ጦር ተጨፈጨፉ። ሰምቤን ከቲየርኖ ፋቲ ሶው ጋር ይህን ታሪክ ፊልም ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ከአርባ አራት ዓመት በኋላ። ከዚያ በፊት ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ባወጣው «ሐላ» ፊልሙ ነጻነት ያገኘውን የራሱን አገር ባለሥልጣንና ነጋዴ ክፍል አራቁቶ አሳይቷል። ፈረንሣይን ሲከስስ ድምፁ የሚታመነው የገዛ ወገኑን ስላልማረ ነው። የራሱን ቤት ጉድፍ የሚደብቅ ከሳሽ ሌላውን ሲከስስ የሚሰማው ወገኑ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ መዘግየት ፍርሃት አይደለምን የሚል ይኖራል። ኀምሳ ሰባት ዓመት፣ አርባ አራት ዓመት ጠብቆ መመስከር ምን ዋጋ አለው? በዚህ ላይ የበዓሉ ግርማ ስም ይነሣል፤ ሊነሣም ይገባል። በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሳለ በኤርትራ የተደረገውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አየ፤ ትዝታው ሳይበርድ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ እሱ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እዚህ ላይ ማንም ሐዲስን ከበዓሉ አስበልጦ ወይም አሳንሶ መፍረድ አይችልም። ነገር ግን በዓሉ ያስከፈለው ምን እንደሆነ እንጠይቅ። የሻዕቢያን ጥፋት ብቻ ቢጽፍ ኖሮ ይሸለም ነበር። ያስከፈለው የራሱን ወገን፣ ያገለገለውን መንግሥት፣ የተሳተፈበትን ዘመቻ መመርመሩ ነው። ስለዚህ በዓሉ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ያጸናዋል። ባለሥልጣን የሚፈራው ክሱን አይደለም፤ ኑዛዜውን ነው። ጊዜው ቢቀድምም ቢዘገይም የምስክርነቱ ሚዛን ዞሮ ዞሮ በራስ ላይ መመስከር መቻሉ ነው።

የጣናን ዳርቻ በዚህ ሚዛን የመዘነ ፊልምም አለን። በጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የጎንደር አርበኞችን ታሪክ በ«ጎንደሬ በጋሻው» የጻፉት የገሪማ ታፈረ ልጅ ናቸው። አባት በጠላት ፊት የተደረገውን ጀግንነት መዘገቡ፤ ልጅም በ1999 እ.ኤ.አ. የዐድዋን ድል በፊልም አነሡ። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በሚቀጥለው ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ታላቅ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ግን ሌላ መንገድ ይዟል። በጣና ዳር ወደሚገኝ መንደሩ የሚመለሰው አንበርብር ሁለት ቁስል ይዞ ይመጣል። አንዱ በጀርመን አገር ዘረኞች ያደረሱበት፣ እግሩን ያሳጣው ነው። ሌላው በአዲስ አበባ የገዛ ጓዶቹ፣ የገዛ አብዮቱ ጓደኛውን ተስፋዬን ሲበላ ያየው ነው። በመንደሩም የጣሊያን ዘመን ትዝታ በኮረብታው ላይ ቆሞ ሳለ ልጆች በዋሻ የሚደበቁት ከጣሊያን ሳይሆን ለጦርነት ከሚያፍሷቸው ከራሳቸው አገር ወታደሮች ነው። ፊልሙ የባዕዱን በደል አልደበቀም፤ በሱ ግን የራሱን አላካካሰም። የአርበኛው ታሪክና የልጁ ፊልም የሚቃረኑ አይደሉም። አንዱ ያለ ሌላው ግን ጎደሎ ነው፤ ጀግንነቱ ብቻ ቢነገረን ለምን ደጋግመን እዚሁ እንደምንገኝ አናውቅም ነበር።

ይህ የቆየ የሥነ ጽሑፍ ክርክር ብቻ ቢሆን በወደድኩ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተደረገው ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ በዚሁ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት፣ በኢትዮጵያ ታሪክ እንደ እሱ የተቀረጸ ጦርነት የለም ለማለት በሚያስደፍር መጠን በስልክ ካሜራ ተቀርጿል። ዛሬ ተዋጊው ራሱ ፊልም አንሺ ነው። በየኪሱ የያዘው ምስል ግን ባብዛኛው የሌላው ወገን ግፍ ነው። በእያንዳንዱ ቡድን እጅ የጠላቱ ወንጀል ማኅደር አለ፤ የራሱን ማኅደር የያዘ ቡድን አላውቅም። እነዚህ ማኅደሮች ለፍርድ ቤት ያስፈልጋሉ፤ ይጠበቁ፣ ይመርመሩ፣ በደለኛው ይጠየቅ። ነገር ግን ከእነሱ ብቻ የሚጻፍ ልቦለድ፣ ከእነሱ ብቻ የሚሠራ ፊልም ቀጣዩን ጦርነት የሚቀሰቅስ ሽለላ ነው እንጂ ሥነ ጥበብ አይደለም።

ስለዚህ ነገ ከዚህ ጦርነት የሚመለሱትን፣ በእንፍራንዝም ሆነ በአክሱም፣ በወልድያም ሆነ በሰመራ ብዕር ወይም ካሜራ የሚያነሡትን ወጣቶች የምለምነው አንድ ነገር ነው። የጠላታችሁን በደል ለዳኛው አቅርቡ፤ በመጽሐፋችሁና በፊልማችሁ ግን መጀመሪያ የገዛ ወገናችሁን አቁሙ። የማን ልጅ በማን ትእዛዝ ምን እንዳደረገ፣ ማን አይቶ ዝም እንዳለ፣ ማን ከዝምታው እንደ ተጠቀመ ጻፉ። ወገናችሁ ከሃዲ ሊላችሁ ይችላል፤ ጉዱ ካሣንም ዕብድ ብለውታል። ለልጆቻችሁ የሚጠቅማቸው ግን ይህ ምስክርነት ነው።